ጭንቁ ማዕዘኑ ላይ ነው፦ ስለ አዳራሽና መጋዘን የአርማታ ፍሬም ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

በሰሜን ሸዋ ከተሞች መጋዘን፣ የስብሰባ አዳራሽና ወርክሾፕ ለሚያሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ከደብረ ብርሃን እስከ አጣዬ በአሠሪዎችም በፎርማኖችም እጅ እየዞረ ነው። በሁለት ኮለን (ቋሚ ምሰሶ) እና በአንድ ቢም (አግዳሚ) የሚቆመውን የአርማታ ፍሬም ያለ ሶፍትዌር፣ በወረቀትና በካልኩሌተር ብቻ ማውጣት እንደሚቻል ያስረዳል። መቻሉስ ይቻላል። ጸሐፊው ፍሬሞቹን በየ4 ሜትሩ አቁሞ በላያቸው 15 ሴንቲሜትር ሶሌታ (የአርማታ ጣሪያ) መጣል ለአካባቢው ሠራተኛ የሚመች አሠራር ነው ማለታቸውም ትክክል ነው። ችግሩ ጽሑፉ የሚያስተምረው ስሌት የፍሬም ስሌት አለመሆኑ ነው፤ ሁለት ግንድ አቁሞ ወራጅ ያጋደመ ሰው ስሌት ነው። በአርማታ ግን ቢምና ኮለን አብረው ይሞላሉ፣ ፌሯቸው ይተሳሰራል፣ ቢሙ ሲጎብጥ ኮለኑን ይዞ ይጎብጣል። ሁለቱ የሚገናኙበት ማዕዘን ከተዘለለ ስህተቱ ከቢም ወደ ኮለን፣ ከኮለን ወደ ፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት) ይሄዳል።

ለክርክሩ እንዲመች የጽሑፉን ምሳሌ እንዳለ እንውሰድ። ስፓኑ፣ ማለትም የሁለቱ ኮለኖች ርቀት፣ 8 ሜትር ነው። ከፉቲንግ አናት እስከ ቢሙ ወገብ ያለው ቁመት 5 ሜትር ነው። ቢሙ 30 በ70፣ ኮለኑ 30 በ50 ሴንቲሜትር ሲሆን 50ው ወደ ስፓኑ አቅጣጫ የዞረ ነው። ፉቲንጉ 1.2 በ1.2 ሜትር ነው። ኮንክሪቱ ሲ-25፣ የፌሮው ጥንካሬ 400 ሜጋ ፓስካል ነው። ቢሙ ከታች 6 ባለ 20 (ውፍረታቸው 20 ሚሊሜትር የሆነ 6 ፌሮ)፣ ከላይ 2 ባለ 12 አለው፤ ኮለኑ 6 ባለ 14፤ ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት) ሁሉም ቦታ ባለ 8 በየ20 ሴንቲሜትሩ።

ጭነቱን ጸሐፊው በአግባቡ አስልተውታል። ሶሌታው 3.75፣ ማስተካከያና ልስኑ 1.5፣ በድምሩ 5.25 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር፤ በ4 ሜትር ሲባዛ 21፤ የቢሙ የራሱ ክብደት 4 ሲጨመር 25 ኪሎ ኒውተን በሜትር። ጣሪያው ሰው የሚወጣበት ስለሆነ 2 በ4፣ ማለትም 8 ተንቀሳቃሽ ጭነት አለ። የደህንነት ማባዣዎቹ ሲገቡ 1.35 × 25 ሲደመር 1.5 × 8፣ ወደ 46 ኪሎ ኒውተን በሜትር ይመጣል። እስከዚህ አንጣላም። ከዚህ በታች በጥቅስ የተቀመጡት ርዕሶች የጽሑፉ አባባሎች ናቸው።

«ቢሙን በሁለት ጫፉ እንደተቀመጠ ቆጥሮ ማስላት ከሚገባው በላይ ጥንቃቄ ነው»

ጸሐፊው 46ን በ64 አባዝተው ለ8 አካፍለው 368 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት (የማጠፍ ጉልበት) ያገኛሉ፤ ታችኛውን ፌሮ በዚያ ያወጣሉ፤ ጫፉ ላይ ሞመንት ዜሮ ነው ብለው ከላይ ስታፋ ማንጠልጠያ 2 ባለ 12 ብቻ ያስቀምጣሉ። ለቢሙ መሃል ይህ በእርግጥ ጥንቃቄ ነው። ለማዕዘኑ ግን አይደለም፤ አርማታ ዲዛይነሩ ዜሮ ስላለው ብቻ ዜሮ አይሆንም።

ትክክለኛው ስሌት ከዚህ ብዙም አይረዝምም። የቢሙ ኢነርሺያ (መታጠፍን የመቋቋም መለኪያ) ለኮለኑ ኢነርሺያ ሲካፈል 2.74 ነው። ይህ በቁመቱ ተባዝቶ ለስፓኑ ሲካፈል 1.715 ይሆናል፤ የግትርነት ንጽጽር እንበለው። የኮለኑ እግር ፒን (መዞር የሚችል) ከሆነ የማዕዘኑ ሞመንት ጭነት × ስፓን × ስፓን ለ4 × (2 × 1.715 + 3) ሲካፈል ነው፤ 114 ኪሎ ኒውተን ሜትር። እግሩ ፊክስድ (መዞር የማይችል) ከሆነ አካፋዩ 6 × (1.715 + 2) ይሆንና ማዕዘኑ 132፣ እግሩ 66 ያገኛሉ። የቢሙ መሃል ሞመንት በመጀመሪያው 254፣ በሁለተኛው 236 ነው።

አሁን የጸሐፊውን 2 ባለ 12 እንመዝነው። ስፋቱ 226 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ በ64 ሴንቲሜትር ውጤታማ ጥልቀት 45 ኪሎ ኒውተን ሜትር ብቻ ይሸከማል። የሚመጣበት ግን ከ114 እስከ 132 ነው። ቢሙ እንደተቀመጠ ተቆጥሮ ቢሰላ እንኳ ከግንብ ወይም ከኮለን ጋር አብሮ የተሞላ ጫፍ የመሃሉን ሞመንት 15 በመቶ መቻል እንዳለበት የሕንፃ ዲዛይን ኮዱ ያዛል፤ የ368 15 በመቶ 55 ነው። 226 ካሬ ሚሊሜትር የዝቅተኛውን ፌሮ መጠን እንኳ አያሟላም፤ ለዚህ ቢም ዝቅተኛው 275 ነው። ማዕዘኑ የሚፈልገው 660 ያህል ነው፤ 4 ባለ 16 (804) ቢገባ ይበቃዋል።

የኮለኑ ነገር ከዚህ ይብሳል። ጸሐፊው 184 ኪሎ ኒውተን (የቢሙ ጭነት ግማሽ) ለ30 በ50 ኮለን «ቀልድ ነው» ይላሉ። እንደ ቀጥታ ጭነት ብቻ ከታየ እውነት ነው፤ በካሬ ሚሊሜትር 1.2 ኒውተን ብቻ ነው። ነገር ግን ከጭነቱ ጋር 114 ሞመንት አለ። 114 ለ184 ሲካፈል 62 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ኮለኑ ራሱ 50 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ የጭነቱ መስመር ከኮለኑ ውጭ ወድቋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኮለን ከኮለንነቱ ይልቅ የቆመ ቢም ነው፤ የውጭው ፊቱ ተወጥሯል። በ132 ሲሰላ የውጭ ፊቱ ብቻ 750 ካሬ ሚሊሜትር ይፈልጋል፣ 4 ባለ 16። የጽሑፉ 6 ባለ 14 በውጭው ፊት ያለው 2 ነው፤ 308 ካሬ ሚሊሜትር። ጠቅላላውም 924 ነው። ለርዕደ መሬት የሚነደፍ ኮለን ከስፋቱ 1 በመቶ ማነስ የለበትም፤ እዚህ ላይ 1500 መሆን ነበረበት።

ኮለኑ ቀጭን መሆኑም ተረስቷል። ፍሬሙ ወደ ጎን የሚይዘው ሌላ ነገር ስለሌለ ውጤታማ ቁመቱ እግሩ ፊክስድ ቢሆን 6.5 ሜትር፣ ፒን ቢሆን 11.7 ሜትር ይደርሳል። ይህ ለ14.4 ሴንቲሜትር (የ50 ሴንቲሜትሩ ጎን ለሚሰጠው የጅሬሽን ራዲየስ) ሲካፈል የቅጥነቱ መጠን 45 ወይም 81 ነው። በዚህ ጭነት የሁለተኛ ደረጃ ሞመንትን (ኮለኑ ሲጎብጥ ጭነቱ ራሱ የሚጨምረውን) ለመተው የሚፈቀደው ወሰን 33 ገደማ ነው። ጭነቱ ትንሽ ስለሆነ የሚጨምረው ብዙ አይደለም፤ ግን ሳይሰላ አይታለፍም።

ይህ ሲቀር የሚታየው ምልክት የታወቀ ነው። ከኮለኑ ፊት አጠገብ ከቢሙ አናት ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ይወጣል፤ ከቢሙ ሥር ደግሞ በኮለኑ ውጭ ፊት አግድም ስንጥቅ ይወጣል። ሶሌታው ክፍት ጣሪያ ስለሆነ የክረምት ውሃ በላይኛው ስንጥቅ ገብቶ ፌሮውን ያዝጋል። ልስን ቢደረግበት በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፤ ስንጥቁ የልስን ጉድለት ሳይሆን ማዕዘኑ የተነፈገውን ፌሮ ፍለጋ ነው።

«የኮለኑን እግር ፊክስድ ብሎ መውሰድ ይቻላል»

በዓለት ላይ ይቻላል። የደብረ ብርሃንና የአካባቢው ሜዳ ግን በብዛት ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጸሐፊው 1.2 በ1.2 ፉቲንጉን ያወጡት በቀጥታ ጭነት ብቻ ነው። ከኮለኑ፣ ከፉቲንጉና ከላዩ ካለው አፈር ክብደት ጋር 257 ኪሎ ኒውተን ለ1.44 ሲካፈል 178 ኪሎ ፓስካል። ነገር ግን እግሩ ፊክስድ ነው ካሉ 66 ሞመንቱን መቀበል አለባቸው። ከዚህ በላይ 40 ኪሎ ኒውተን የሚሆን ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል አለ፤ በ40 ሴንቲሜትር የፉቲንግ ውፍረት 16 ይጨምራል። በ82 ሞመንት የፉቲንጉ አንድ ጎን ከአፈሩ ይነሳል፣ በሌላው ጠርዝ ግፊቱ 510 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። እንዲህ ያለ ግፊት ጥቁር አፈር አይችልም። ፉቲንጉ ይዞራል፤ ፊክስድ የተባለው እግር ወደ ፒን ይጠጋል።

የሚሻለው በሁለቱም አስልቶ በየቦታው ትልቁን መያዝ ነው። ለቀጥታ ጭነት ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለጎን ኃይል ግን የማዕዘኑ ሞመንት እጥፍ ይሆናል። ጥቁር አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ ሙሊት ይተካ ወይም ፉቲንጉ ከሱ ሥር ይውረድ። ወደ ውጭ የሚገፋውን ኃይል ደግሞ አዳራሹን አቋርጦ ሁለቱን ፉቲንጎች የሚያያይዝ ግሬድ ቢም ይያዘው። 40 ኪሎ ኒውተን ለመሳብ 115 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል፤ ማንኛውም ግሬድ ቢም ውስጥ የሚገባው 4 ባለ 12 ከበቂ በላይ ነው። ብዙ አዳራሽ ላይ ግሬድ ቢሙ በግድግዳው ሥር ብቻ ይዞርና መሃሉ «መተላለፊያ ነው» ተብሎ ይቀራል። ከወለል ሥር የሚቀበር ነገር መተላለፊያ አይዘጋም።

«ሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፤ ርዕደ መሬት የአፋር ጉዳይ ነው»

ከጽሑፉ ሁሉ ጉዳቱ የከፋው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር የካራቆሬ ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሷታል፤ ካራቆሬን ክፉኛ ጎድቷል፤ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሰነጣጥቋል። ማጀቴ የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥም በየካቲት 2017 መጠኑ 6 ገደማ ደርሷል። ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲና የደረሰ ሰው ከስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ላይ ነው ያለው፤ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ግርጌው ላይ ናቸው።

ጸሐፊው የጠቀሱት የ1995 እ.ኤ.አ. የርዕደ መሬት ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 8፣ ለከፍተኛው ቀጠና ከመሬት ስበት 10 በመቶ የሚሆን የመሬት ንቅናቄ ብቻ ይሰጥ ነበር። የተካው የ2015 እ.ኤ.አ. ኢኤስ ኢኤን 1998 አምስተኛ ቀጠና ጨምሮ ወደ 20 በመቶ አሳድጎታል፤ አራተኛው 15 በመቶ ነው። የየከተማው ቀጠና በኮዱ አባሪ ሠንጠረዥ አለ፤ ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት ይታይ።

ለማሳያ 15 በመቶ እንውሰድ፤ አፈሩ መካከለኛ ይሁን፣ ማባዣው 1.15። አጭር ሕንፃ ስለሆነ ስፔክትረሙ (ሕንፃው ንቅናቄውን የሚያጎላበት መጠን) አናቱ ላይ ነው፣ 2.5። ፍሬሙ በመካከለኛ ዳክቲሊቲ (ሳይሰበር የመታጠፍ አቅም) ቢነደፍ መቀነሻው 3.3። 0.15 × 1.15 × 2.5 ለ3.3 ሲካፈል 0.13። ፍሬሙ የሚሸከመው ክብደት ከተንቀሳቃሹ 30 በመቶ ጋር 260 ኪሎ ኒውተን ቢሆን፣ የጎን ኃይሉ 34 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ለአንድ ኮለን 17። እግሩ ፒን ከሆነ 17 በ5፣ 85 ኪሎ ኒውተን ሜትር ማዕዘኑ ላይ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ከቀጥታ ጭነቱ በማዕዘኑ ያለው ሞመንት 68 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በአንዱ ማዕዘን 68 እና 85 ይደመራሉ፤ 153። ይህ ከ114ም ከ132ም ይበልጣል፤ የኮለኑ የውጭ ፌሮ ወደ 1010 ካሬ ሚሊሜትር ከፍ ይላል፣ ማለትም 4 ባለ 20። በሌላው ማዕዘን ግን 85 ከ68 ይበልጣል፤ 17 ኪሎ ኒውተን ሜትር ወደ ተቃራኒው ይዞራል። በቀጥታ ጭነት ሁልጊዜ የሚዘጋው ማዕዘን ይከፈታል። ውጥረቱ ወደ ውስጠኛው ፊት፣ ቢሙ ከኮለኑ ጋር ወደሚገናኝበት እጥፋት ይገባል። መሬቱ ሲመለስ ተራው የሌላው ማዕዘን ነው። ጸሐፊው በዚያ ቦታ የሚይዝ አንድም ፌሮ አላሳዩም።

«የቢሙ ፌሮ ማዕዘኑ ላይ 30 ሴንቲሜትር ከታጠፈ ይበቃል»

አይበቃም። በሲ-25 ኮንክሪት ባለ 16 ፌሮ ሙሉ ኃይሉን ለማስተላለፍ በጥሩ ሁኔታ ሲያዝ 62 ሴንቲሜትር ያስፈልገዋል። በቢም አናት ላይ የሚተኛ ፌሮ ሥር ኮንክሪቱ ስለሚረጋና ውሃ ስለሚያቁር 88 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሁሉም ፌሮ በአንድ ቦታ ሲደራረብ 62ቱ በ1.5 ተባዝቶ 93 ይደርሳል። እዚህ ላይ ያለው ፌሮ ከቢም አናት ተነስቶ ወደ ኮለን ውጭ ፊት ዞሮ ሞመንቱን የሚያሻግር ነው። 30 ሴንቲሜትር የወረደ ጫፍ ከቢሙ ከፍታ እንኳ ሳይወጣ ያልቃል።

የሳይቱ ችግርም አለ። ኮለን ብዙ ጊዜ እስከ ቢም ሥር ይሞላና ፌሮው የቢሙን ከፍታ ያህል ይተርፋል። ከዚያ በኋላ የቢሙን ላይ ፌሮ 90 ሴንቲሜትር ወደ ኮለኑ ማውረድ አይቻልም፤ ኮንክሪቱ ደርቋል። ፌራዮው ያለው አማራጭ ማሳጠር ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የፌራዮው ሳይሆን የሥራ ቅደም ተከተሉን ያላሰበው ንድፍ ነው።

ለባለ 16 የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። ከፉቲንጉ የሚነሳው የኮለን ፌሮ 3.25 ሜትር ላይ ያብቃ፤ ከታች እጥፋቱና ከፉቲንጉ ውፍረት ጋር 4 ሜትር ይሞላል፣ ከአንድ 12 ሜትር ፌሮ ሦስት ይወጣል። ኮለኑ መጀመሪያ እስከ 2.3 ሜትር ይሞላ። ከዚያ በማዕዘን የታጠፈ ፌሮ ይግባ፤ አንዱ እግሩ 3 ሜትር በኮለኑ ውጭ ፊት የሚወርድ፣ ሌላው 3 ሜትር በቢሙ አናት የሚሄድ። በድምሩ 6 ሜትር ነው፤ ከአንድ ፌሮ ሁለት ይወጣል፣ ቁራጭ አይተርፍም። ኦቨርላፑ (ሁለቱ ፌሮዎች የሚደራረቡበት) ከ2.3 እስከ 3.25 ሜትር፣ በኮለኑ ወገብ ላይ ይሆናል፤ ርዕደ መሬት ከሚያስጨንቃቸው ከሁለቱ ጫፎች የራቀ ነው። በኦቨርላፑ ርዝመት ስታፋው በየ7.5 ሴንቲሜትሩ ይሁን። የቢሙ ሥር ካሳፎርማ ቀድሞ ተሠርቶ የፌሮው አግድም እግር ይደገፍበት፤ ቀሪው ኮለን ከዚያ ይሞላ።

የቢሙ እግር 3 ሜትር የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በርዕደ መሬት ጊዜ የላይኛው ውጥረት ከኮለኑ 1.4 ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ከዚያ ላይ የቢሙ ጥልቀትና 88ቱ ሴንቲሜትር ሲጨመር 3 ሜትር ይጠጋል።

እጥፋቱ በጠባብ ብረት ተጠምዝዞ እንዳይሰበር። ለባለ 16 ቢያንስ 4 እጥፍ፣ 6.4 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያስፈልጋል። ለባለ 20 ግን 7 እጥፍ፣ 14 ሴንቲሜትር። ጠባብ እጥፋት ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈጨዋል፤ በእጥፋቱ ብብት አንድ ባለ 16 አግድም ፌሮ ማስገባት ይረዳል።

የውስጠኛውን እጥፋት በተመለከተ ከሁሉ የሚከፋው ፌሮውን በእጥፋቱ ዙሪያ አንድ አድርጎ ማጠፍ ነው። ማዕዘኑ ሲከፈት ፌሮው ቀጥ ሊል ይታገላል፤ ከቨሩን (ፌሮውን የሸፈነውን ኮንክሪት) ገፍቶ ይጥላል። የቢሙ ታች ፌሮ ቀጥ ብሎ እስከ ኮለኑ ውጭ ፊት ሄዶ ወደ ላይ ይታጠፍ። የኮለኑ ውስጥ ፌሮ ቀጥ ብሎ እስከ ቢሙ አናት ወጥቶ ወደ ቢሙ ይታጠፍ። ሁለቱ ይሻገሩ እንጂ አይቀጠሉ። በእጥፋቱ ላይ በሰያፍ 2 ባለ 14 ቢጨመር ስንጥቁ አይሰፋም።

ስታፋ በየ20 ሴንቲሜትሩ

በመሃል ቢሆን ይሁን። ኮለኑ ላይ ከላይም ከታችም 78 ሴንቲሜትር፣ ቢሙ ላይ ከኮለኑ ፊት 70 ሴንቲሜትር ድረስ ስታፋው በየ12 ሴንቲሜትሩ ነው መሆን ያለበት። የቢሙ የመጀመሪያ ስታፋ ከኮለኑ ፊት 5 ሴንቲሜትር አይራቅ። መንጠቆው በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ታጥፎ ለባለ 8 ጫፉ 8 ሴንቲሜትር ይትረፍ፤ በጽሑፉ ሥዕል ያለው 90 ዲግሪ ከቨሩ በወደቀ ቅጽበት ይከፈታል። በ50ው ጎን ባሉት የማዕዘን ፌሮዎች መሃል 42 ሴንቲሜትር ባዶ አለ፤ በየጎኑ ሁለት ባለ 12 ገብቶ በመስቀለኛ ስታፋ ይታሰር።

ማዕዘኑ ውስጥ፣ ማለትም ቢሙና ኮለኑ በሚገናኙበት 70 ሴንቲሜትር፣ ስታፋ መቅረት የለበትም። የሚቀረው የቢሙ ፌሮ ከገባ በኋላ ዙሪያውን የተዘጋ ስታፋ ማስገባት ስለማይቻል ነው። መፍትሔው ስታፋዎቹን አስቀድሞ በኮለኑ ፌሮ ላይ አጥልቆ ከላይ በጥቁር ሽቦ ማንጠልጠል፣ የቢሙ ፌሮ ከተዘረጋ በኋላ በየ12 ሴንቲሜትሩ አውርዶ ማሰር ነው።

«ግማሽ የብሎኬት ግድግዳ ፍሬሙን ያጠናክራል»

መጋዘን ላይ ግድግዳው 3.45 ሜትር ድረስ በብሎኬት ይሞላና ከላይ እስከ ቢሙ ሥር 1.2 ሜትር ለመስኮት ይተዋል። ጸሐፊው ይህ ኮለኑን ያግዘዋል ይላሉ። በርዕደ መሬት ጊዜ ግን ግድግዳው ኮለኑን ጨብጦ ይይዘዋል፤ መታጠፍ የሚችለው በ1.2 ሜትሩ ብቻ ይሆናል። በ30 ሴንቲሜትሩ አቅጣጫ ይህ ኮለን በእያንዳንዱ ጫፍ 65 ኪሎ ኒውተን ሜትር ያህል ቢችል፣ በ4.65 ሜትር ነጻ ቁመት የሚያመጣው ሺር (ቆራጭ ኃይል) 2 × 65 ለ4.65 ሲካፈል 28 ኪሎ ኒውተን ነው። በ1.2 ሜትር ግን 108። በየ20 ሴንቲሜትሩ ያለው ባለ 8 ስታፋ በ45 ዲግሪ ስንጥቅ የሚይዘው 40 ገደማ ነው። ኮለኑ ሳይታጠፍ በሰያፍ ይቆረጣል፤ በመስኮት ደረጃ ላይ በኤክስ ቅርጽ የሚታየው ስንጥቅ ይህ ነው። ትምህርት ቤቶችና መጋዘኖች በዚህ መንገድ ሲወድቁ በብዙ አገር ታይቷል።

ወይ ግድግዳውን ከኮለኑ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አርቆ ክፍተቱን በስፖንጅ መሙላትና ግድግዳው ወደ ጎን እንዳይወድቅ በአንግል ብረት መያዝ ነው፤ ወይም መስኮቱን ከኮለን አርቆ በኮለኑ ግራና ቀኝ ግድግዳውን እስከ ቢም ሥር ማድረስ ነው። ሁለቱም ካልተቻለ በኮለኑ ሙሉ ቁመት፣ መስኮቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውም ውስጥ፣ ስታፋውን አጥብቆ ለ108 ማስላት ነው።

ስለ ኮንክሪቱ

ጸሐፊው «ሲ-25 ማለት የዲዛይኑ ጥንካሬ 25 ነው» ብለዋል። 25 በኪዩብ ናሙና የሚለካው ጥንካሬ ነው፤ በስሌት የሚገባው በሲሊንደር ናሙና የሚለካው 20 ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በ20 ነው የተሠሩት።

«ብርድ ሲበረታ ሲሚንቶ ጨምር» የሚለው ምክርም መታረም አለበት። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከ5 ዲግሪ በታች ኮንክሪት ጥንካሬ የሚያፈራው እጅግ በዝግታ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከቀዘቀዘ ገና ያልጠነከረውን ይበጥሰዋል። ሙሌቱ ጠዋት ውርጩ ከለቀቀ በኋላ ተጀምሮ ከቀትር ጥቂት አልፎ ይለቅ። ማታ በፕላስቲክ፣ በላዩ በጆንያ ወይም በገለባ ይሸፈን። ለአንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ሲያዝ፣ ሳጥኑ 50 በ40 በ20 ከሆነ፣ ውሃው በአሸዋው ውስጥ ያለውን ጨምሮ 25 ሊትር አካባቢ ይሁን። ለቫይብሬተሩ የሚያስቸግረው ማዕዘኑ ስለሆነ እዚያ ጠጠሩ ከ20 ሚሊሜትር አይብለጥ። ከዝግተኛው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ጋር ብርድ ሲደመር የ8 ሜትር ቢም የባሕር ዛፍ ድጋፍ በ14 ቀን አይነሳም፤ 28 ቀን ይቆይ፣ አለዚያ የኪዩብ ውጤት ይታይ።

«ይህ ሁሉ ወጪ ነው»

ጸሐፊው ከኢንጂነር ስሌት የሸሹበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ በቁጥር ይታይ። ቢሙ መሃል ላይ 368 ሳይሆን 254 ስለሆነ ታች ፌሮው ከ6 ባለ 20 ወደ 4 ባለ 20 ይወርዳል። 2 ባለ 20 በ8.5 ሜትር፣ 42 ኪሎ ይቀንሳል። ማዕዘኖቹ ላይ በቢሙ አናት የሚሄደው 4 ባለ 16፣ 3 ሜትር በሁለት ጫፍ፣ 38 ኪሎ ነው። ቢሙ ራሱ ከፍሎታል። የሚጨምረው ኮለኖቹ ላይ ነው፤ 8 ባለ 16 ሲገባ፣ ከመካከለኛው ባለ 12ና ከተጨማሪው ስታፋ ጋር፣ ለአንድ ፍሬም ወደ 200 ኪሎ ይመጣል። በጥቁር አፈር ላይ የውጭው ፊት በባለ 20 ሲተካ ከዚህ ትንሽ ያልፋል። ይህን ለመሸፈን መቀነስ ካስፈለገ ከሶሌታው ላይ ያለውን ማስተካከያ ማቅለል ይቻላል። እያንዳንዱ 2 ሴንቲሜትር የሲሚንቶ ማስተካከያ ለአንድ ፍሬም ከ1 ቶን በላይ ክብደት ነው፤ ሲነሳ ቀጥታ ጭነቱም የርዕደ መሬቱ ኃይልም አብረው ይቀንሳሉ። ለውሃ መውረጃ የሚያስፈልገው ተዳፋት ከካሳፎርማው ጀምሮ ቢሰጥ ወፍራሙ ማስተካከያ አያስፈልግም።